የቦሎቄው ዳኝነት

ጥር 16 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ ረቡዕ

ነጋሳን ወሰዱት።

ከመጋዘኑ በር ላይ ነው የወሰዱት። እኔ ፎቅ ላይ ቴሌክስ ክፍል ነበርኩ። የመኪና በር ሲዘጋ ሰምቻለሁ፤ ቦሎቄ ሊጭን የመጣ መኪና መስሎኝ ቀና እንኳ አላልኩም። ባሌን ሲወስዱት የሰው ቴሌክስ እየመታሁ ነበር።

የነገሩኝ ሥራ አስኪያጃችን አቶ ኃይለየሱስ ናቸው። ሰው መላክ ሲችሉ ራሳቸው ደረጃውን ወጥተው መጡ።

«አይዞሽ ሣራ፣ ለጥያቄ ነው።»

«የምን ጥያቄ?»

«ባለፈው ወደ ውጭ የሄደው ቦሎቄ እርጥብ ሆኖ፣ ሻግቶ ደረሰ ተብሏል። ደረቅ ነው ብሎ የፈረመው እሱ ነዋ።»

«እርስዎም ፈርመዋል እኮ» አልኩ። ለምን እንዳልኩት አላውቅም። በክፉ አይደለም፣ አፌ አምልጦኝ ነው።

«እኔ የፈረምኩት እሱን አምኜ ነው» አሉ። ቅር አላላቸውም። ለታክሲ እንዲሆነኝ ብለው ብር ሊሰጡኝ ፈለጉ፤ አልተቀበልኩም። ደግ ሰው ናቸው።

ጥር 19

ፖሊስ ጣቢያው ምግብ ተቀበለኝ። ነጋሳን ግን አላሳዩኝም። ሳህኑ ባዶውን ሲመለስ ደስ አለኝ። እሱ ይብላው ሌላ ይብላው ግን በምን አውቃለሁ?

«አሻጥር» ነው የሚሉት። ዘቡ ቃሉን ሲናገር ስም የሚጠራ ነው የሚመስለው፦ «የአሻጥሩ ሰውዬ ሚስት ነሽ?»

አዎ አልኩ። ምን ልበል?

ጥር 28

ነገሩ ዛሬ በደንብ ገባኝ። ለራሴም ግልጽ እንዲሆንልኝ ልጻፈው።

ቦሎቄውን ከእኛ የገዛው የአንድ ወዳጅ አገር መንግሥት ነው። በምትኩ የትራክተር መለዋወጫ ሊልክልን ነበር። ቦሎቄው በራሳቸው መርከብ ተጭኖ ሄደ። ሲራገፍ ግን ብዙው ኬሻ እርጥብ ሆኖ ተገኘ። ከመጋዘናችሁ እርጥብ ነው የወጣው አሉና መለዋወጫውን ያዙ። የእኛ መንግሥት ደግሞ ደረቅ ነው ያስረከብነው ይላል። ሁለት መንግሥት ተጣላ ማለት ነው፣ በቦሎቄ።

ልዑካን ማመላለሱ ጊዜም ውጭ ምንዛሪም ይበላል ተባለ። ስለዚህ ሁለቱም ቪየና በተቀመጡ በአንድ የግልግል ዳኛ ተስማሙ፤ ክርክሩም በሙሉ በቴሌክስ እንዲሆን ተወሰነ። ማንም ከአገሩ አይነሳም። እነሱ ከዚያ ይመታሉ፣ እኛ ከዚህ እንመልሳለን፣ ዳኛው መሀል ሆነው ያነባሉ። የመጋዘኑ መረጃ ያለው እዚህ ስለሆነ የእኛ መልስ ከናዝሬት በቀጥታ እንዲሄድ ዋናው መሥሪያ ቤት አዟል።

ናዝሬት ውስጥ ይህን ማሽን እንደኔ የሚመታ የለም። አቶ ኃይለየሱስ «ሌላ ሰው ከአዲስ አበባ እንዳላስመጣ፣ ትችያለሽ?» አሉኝ። «ምስጢር ነው። አንድ ቃል ከዚህ ክፍል ከወጣ እኔም አላድንሽም።»

እችላለሁ አልኩ። ዳኛው እውነቱን ካገኙ ነጋሳ ይፈታል። ከዚህ የበለጠ ምን ሥራ አለኝ?

የካቲት 6

ዛሬ የመታሁት ቃል በቃል ይህ ነው፦ «ዕቃው ከመጋዘናችን ሲወጣ ደረቅ እንደነበር ልምድ ያለውና የታመነ የጥራት ባለሙያችን አረጋግጧል።»

የታመነ። በመንግሥት ስም የተጻፈ ነው። ከአዲስ አበባ በስልክ ሲያነቡልኝ እጄ ቆመ። «ሰምተሻል?» አሉኝ። «ሰምቻለሁ» አልኩ።

ከቢሮ ወጥቼ ለዚያው ለታመነው ባለሙያ ሳህን ይዤ ጣቢያ ሄድኩ። ዘቡ እንጀራውን በእንጨት እየወጋ ፈተሸው።

የካቲት 7

ትናንት የጻፍኩትን ደግሜ አነበብኩት። ውጭ አገር የታመነ ነው ይላሉ፣ እዚህ ያስሩታል። አቶ ኃይለየሱስን ጠየቅኋቸው። «ያኛው ክርክር ነው፣ ይኼኛው ምርመራ ነው። የተለያዩ ናቸው» አሉኝ። የተማሩ ሰው ናቸው፣ የማያውቁትን አይናገሩም።

የካቲት 18

አዴ ጉዲቱ ከደራ መጣች። የነጋሳ እናት። በቆሎ ከጫነ መኪና ላይ ተሳፍራ፣ አቧራ ቅንድቧ ላይ ተቀምጦ።

ሰላምታ እንኳን ሳትጨርስ «ልጄ ሰረቀ?» አለችኝ።

«አልሰረቀም፣ አዴ። እርጥቡን ደረቅ ብለሃል ነው የሚሉት።»

«ነጋሳ?» አለች። «እኔ እህል ጎተራ ሳስገባ እንኳ ‹እናቴ አልደረቀም› ብሎ የሚያስመልሰኝ ነጋሳ?»

አለቀስን። ከዚያ ጸለይን። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ በሹክሹክታ መጸለይ ለምደናል፤ እሷ ግን አልለመደችውም፤ «ያ ዋቃ!» ብላ አምላኳን ስትጠራ ጎረቤት ይሰማል ብዬ ደነገጥኩ። በጸሎት መካከል ስለ ጎረቤት አሰብኩ። እንዲህ ያለች ሰው ሆኛለሁ።

መጋቢት 4

ሙቀት። ነፋስ። ከቪየና ጥያቄ ብቻ። የኬሻው ዓይነት፣ የመጋዘኑ ጣራ፣ የጭነቱ ሰሞን ዝናብ ነበር ወይ። አልነበረም። መታሁ።

ደክሞኛል።

መጋቢት 13

ችሎቱ ዛሬ በሽቦ ላይ ተሰየመ። ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

ቀኑን ሙሉ መስመሩ ሳይዘጋ ሦስቱም ወገን በየማሽናቸው ፊት ተቀመጡ። ዳኛው ይጠይቃሉ፤ እነዚያ ይመልሳሉ፤ መልሳቸው ለእኛ ይተላለፋል፤ አዲስ አበባ በስልክ ይነግሩኛል፤ እኔ እመታለሁ። አቶ ኃይለየሱስ ከኋላዬ ቆመው ላባቸውን ይጠርጋሉ። የሰው ድምፅ የለም። ቁጣ ቢኖር አይሰማም፣ ውሸት ቢኖር ፊት አይታይም። ማሽኑ ብቻ ይንጫጫል። የነጋሳ ስም አንድም ጊዜ አልተነሳም። «ባለሙያው» ነው የሚባለው።

ከሰዓት በኋላ ችሎቱ ተዘጋ። አቶ ኃይለየሱስ ስልክ ሊደውሉ ወረዱ። ቪየና ያለችው መቺ ማርታ ትባላለች፤ በነዚህ ሳምንታት ሥራ ስንጨርስ ሰላም መባባል ጀምረን ነበር። ዛሬም «ደህና እደሪ፣ ረጅም ቀን ነበር» ብላ ጻፈችልኝ።

ጣቴ ከሐሳቤ ቀደመ። «ባለሙያው ባለቤቴ ነው፣ ታስሯል» ብዬ መታሁ።

ማሽኑ ዝም አለ። ሄደች ብዬ ነበር። ከዚያ ጻፈች፦ «አላወቅሁም። ግን ለምን? ዳኛው ያዘዙት መርማሪ ቦሎቄው ላይ የባሕር ጨው ነው ያገኘው። ውኃው የገባው በመርከቡ ላይ ነው። ሁለቱም መንግሥታት የምርመራው ውጤት ደርሷቸዋል።»

የባሕር ጨው። ናዝሬት ከየት ባሕር አምጥታ?

ተነስቼ ቆምኩ። ተቀመጥኩ። «እግዚአብሔር ይባርክሽ» ብዬ መታሁ፤ መስመሩ ግን ተዘግቶ ነበር።

መጋቢት 14

ሌሊቱን ሙሉ ሳልተኛ አደርኩ፣ በደስታ። ጠዋት አቶ ኃይለየሱስ ገና ቁልፋቸውን ሳያወጡ በር ላይ ጠበቅኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ከማሽኑ የቀደድኩትን ወረቀት ሰጠኋቸው።

አነበቡት። አልደነገጡም። በሩን ዘጉና ወረቀቱን አራት ቦታ ቀደዱት፣ ከዚያ የቀደዱትን በክብሪት አቃጠሉት።

«ሣራ፣ ምን እንዳደረግሽ ታውቂያለሽ? በመንግሥት ማሽን ከውጭ ሰው ጋር ስለ እስረኛ አውርተሻል። ይህ ቢታወቅ አንቺም እሱም አለቀላችሁ። አሁን አዳንኩሽ።»

«ግን እውነቱ…»

«እውነቱን በተገቢው ቦታ፣ ፍርድ ቤት፣ እኔ እናገራለሁ። አንቺ ዳኛው እስኪወስኑ ዝም በይ። ለማንም። ለሱም ቢሆን።»

እጃቸውን ልስም ምንም አልቀረኝም። ሌላ ሰው ቢሆን ያስከስሰኝ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ። ሁለቱም መንግሥታት ደርሷቸዋል ነበር ያለችው። የእኛ ማለት አዲስ አበባ ነው። እሳቸው ከእኔ በፊት እንዴት ያውቃሉ? አያውቁም።

ሚያዝያ 14፣ ፋሲካ

ወህኒ ቤት ከተዛወረ በኋላ ዛሬ ገና አየሁት። በዓል ስለሆነ አስገቡን። በሁለት አጥር መካከል ዘብ ይመላለሳል፤ በዚህ በኩል እኛ፣ በዚያ በኩል እነሱ፣ ሁሉም ይጮኻል።

ጢሙ አድጓል። ነጭ ፀጉር ጢሙ ውስጥ አየሁ። አዴ ጉዲቱ በኦሮምኛ ስትጠራው ዘቡ «በአማርኛ!» አለ። አማርኛዋ ጠፋባት፤ እያየችው ቆመች።

«ሣራ» አለኝ፣ «ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል።»

«ምን?»

«ስንጭን ነፋስ ነበር። ሠራተኞቹም ቸኩለው ነበር። ሁሉንም ኬሻ ወግቼ ያየሁ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ግን አንዱን ረድፍ ያለፍኩት ይመስለኛል። ሌሊት ሌሊት እቆጥረዋለሁ። ያ ሁሉ የገበሬ ልፋት። በኔ እጅ።»

ጉሮሮዬ ላይ ነበር። ጨው ነው፣ ጨው ነው ማለት ብቻ ነበር። ዘቡ እኛ ጋ ደርሶ ቆሟል። የአቶ ኃይለየሱስ ቃል ትዝ አለኝ፣ ለሱም ቢሆን ያሉት።

«አልተሳሳትክም» አልኩት።

«አንቺ ሚስቴ ስለሆንሽ ነው» አለኝ፣ ፈገግ ብሎ።

ይዤለት የመጣሁትን ዳቦ በዘቡ በኩል አቀበልኩት። መጣሁ። እንዴት ያለሁ ሰው ነኝ? ሰው በውኃ ጥም ሲሞት ውኃ በአፌ ይዤ ቆምኩ።

ሚያዝያ 24

አሁንም ውሳኔ የለም። አቶ ኃይለየሱስ «ትዕግሥት» ይላሉ። ስኳር ሰጡኝ፣ ከሕብረት ሱቅ የተገኘ።

ግንቦት 8

መጣ።

«ሁለቱ ወገኖች ስለ ወዳጅነታቸው ሲሉ ጉዳቱን እኩል ለመካፈል ተስማምተዋል። በሁለቱም ጥያቄ መሠረት ስለ ጉዳቱ መንስኤ ምንም ውሳኔ አልተሰጠም፣ አይሰጥምም። መዝገቡ ተዘግቷል።»

ወረቀቱን አገላብጬ አየሁ። ሌላ ነገር የለም።

ከአዲስ አበባ የምስጋና መልስ አነበቡልኝ። መታሁት። «ለፍትሐዊው ፍጻሜ» ይላል። ማርታ ስትቀበል ሁልጊዜ የምትጽፈውን ሰላምታ አልጻፈችም። «አዝናለሁ» ብቻ አለች።

አቶ ኃይለየሱስ ቢሮ ገባሁ።

«መንስኤው ለምን ቀረ?»

«መርከቡ የነሱ ነው፣ ሣራ። ወዳጅ አገርን መርከብህ ቀዳዳ ነው ትይዋለሽ? እነሱም አይፈልጉም፣ የኛዎቹም አይፈልጉም። መለዋወጫው ይምጣ እንጂ።»

«ነጋሳስ?»

መስኮቱን ዘጉ፣ አቧራ እየገባ ነበር። «ፍርድ ቤት ስቀርብ እናገራለሁ ብዬሻለሁ።»

ብለዋል። ሰው ቃሉን ሳያጥፍ ለምን እጠረጥራለሁ?

ግንቦት 15

ከወዳጁ አገር ልዑካን መጥተዋል፣ ስምምነቱን ሊያከብሩ። አለቆቻችን ሶደሬ ይዘዋቸው ሄዱ፣ ፍል ውኃ ሊያዋኟቸው። አቶ ኃይለየሱስም አብረው። ሲመለሱ ፊታቸው በፀሐይ ቀልቶ ነበር። ፎቶግራፍ አሳዩኝ። ሁሉም ይስቃሉ።

በቴሌክስ ሲጣሉ አንድም ሰው አልተንቀሳቀሰም ነበር። ለግብዣው ግን መጡ።

ሰኔ 7

በአጭሩ።

ችሎት ነበር። እውነተኛው፣ የሰው ችሎት። ነጋሳ ቆሟል። አቶ ኃይለየሱስ ምስክር ሆነው ቀረቡ። ዳኛው ጠየቋቸው፦ «ይህ የማን ፊርማ ነው?»

«የነጋሳ።»

«የእርስዎስ?»

«እሱን አምኜ የፈረምኩት።»

«ሌላ የሚያውቁት አለ?»

ጠበቅሁ። ቀሚሴን ጨምድጄ ይዤ ጠበቅሁ።

«የለም» አሉ።

ዳኛው ሲናገሩ እንዲህ አሉ፦ መንግሥት የጉዳቱን ግማሽ መቀበሉ ራሱ ጥፋቱ በእኛ በኩል እንደነበረ ያሳያል። ስድስት ዓመት።

ተነሳሁ። «ጌታዬ» አልኩ፣ ድምፄ ወጥቷል፣ ሰዉ ዞሯል። አዴ ጉዲቱ ነጠላዬን ይዛ ቁልቁል ሳበችኝ፣ ባልጠበቅሁት ጉልበት። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ተቀመጪ። ሁለታችሁንም አላጣም።»

ተቀመጥኩ።

ነጋሳ ፍርዱን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ፣ የሚገባውን እንደ ተቀበለ ሰው። ፍርዱን የረሳሁ ቀን እንኳ ያንን አንገት አልረሳውም።

አቶ ኃይለየሱስ ዋሹ ማለት አልችልም። የተጠየቁትን መለሱ። ሌላ የሚያውቁት አለ ወይ ተባሉ፣ የለም አሉ። የለም አሉ።

ሰኔ 9

ዛሬ ቢሮ ስገባ «አይዞሽ ሣራ» አሉኝ። ወንበሬ ላይ ስኳር አስቀምጠውልኛል። ወስጄ ጠረጴዛቸው ላይ መልሼ አስቀመጥኩት።

ሰኔ 17፣ እሑድ

ነገርኩት።

አዴ ጉዲቱን ደራ ሸኝቻት ብቻዬን ነው የሄድኩት፤ የሚጎትተኝ እንዳይኖር። ወረፋዬ ደርሶ አጥሩ ጋ ቆምኩ። ዘቡ ራቅ ብሎ ነበር፤ ቢቀርብም እንደማልተው ግን ወስኜ ነው የሄድኩት። ነጋሳ መጣ። ከስቷል፣ ሸሚዙ ሰፍቶበታል።

«ነጋሳ፣ ስማኝ፣ አታቋርጠኝ። የባሕር ውኃ ነው። መርከቡ ላይ ነው የገባው። መርምረው ጨው አግኝተውበታል። ያንተ ቦሎቄ ደረቅ ነበር። አንድም ረድፍ አላለፍክም።»

አጥሩን በሁለት እጁ ያዘ።

«ጨው?»

«የባሕር ጨው። ከመጋቢት ጀምሮ አውቃለሁ። በፋሲካ ልነግርህ ይገባ ነበር። ፈርቼ ነው።»

ዓይኑን ጨፈነ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ የሚጸልይ መሰለኝ፣ ኬሻ የሚቆጥር መሰለኝ። ፊቱ ሲፈታ ግን አየሁት። ጥር ላይ ከቤት የወጣው ሰውዬ፣ እሱ ራሱ፣ ለአፍታ ተመለሰ። ሳቀም። «ደረቅ ነበር» አለ። «ደረቅ ነበር አላልኩም?»

ከዚያ ሳቁ ቆመ።

«ማን ያውቃል ይህን?»

ልዋሸው እችል ነበር። ማንም አያውቅም፣ ሲያውቁ ይፈቱሃል ማለት እችል ነበር።

«ሁሉም ያውቃሉ» አልኩት።

«ሁሉም?»

«ሁሉም፣ ነጋሳ።»

ዘቡ ደረሰብን። «ስለ ጉዳይ ማውራት ክልክል ነው ተብሏል!» ብሎ እጁን በአጥሩ ላይ አሳልፎ ገፋኝ፣ ሳህኔ ወደቀ። ነጋሳ ወደ ውስጥ ሲገፉት ዞሮ ያየኝ ነበር። ደስ ብሎት ይሁን አዝኖ ማወቅ አልቻልኩም። አሁን ስጽፍ የማስበው ሁለቱንም እንዳደረግኩበት ነው፤ ንጽሕናውን ሰጠሁት፣ ያንኑ አፍታ ደግሞ ተስፋውን ወሰድኩበት።

ሰኔ 25

ወደ አቦምሳ ተዛውረሻል ተባልኩ፣ እህል መሰብሰቢያ ጣቢያ። ቴሌክስ የሌለበት። ዘቡ ተናግሮ እንደሆነ ወይም ስኳሩን በመመለሴ እንደሆነ አላውቅም። ደብዳቤውን አቶ ኃይለየሱስ ራሳቸው ሰጡኝ። «ለአንቺው ደህንነት ነው» አሉ።

«ገብቶኛል» አልኳቸው። በእርግጥም ገብቶኛል፣ ከጥር ጀምሮ ሊገባኝ የሚገባው።

ሐምሌ 1

አውቶቡሱ ከመነሳቱ በፊት ወህኒ ቤት ደረስኩ። አያስገቡኝም ብዬ ነበር፤ ሌላ ዘብ ነበር፣ አስገባኝ።

ነጋሳ ጢሙን ተላጭቷል። ጉንጩ ላይ ምላጭ የቆረጠው አለ።

ከአቦምሳ በወር አንዴ ብቻ ልመጣ እንደምችል ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ።

«ትተኛለህ?» አልኩት።

«እተኛለሁ። ድሮ ያን ረድፍ እየቆጠርኩ ነበር የማነጋው። አሁን አልቆጥርም።» «ግን ስነቃ እናደዳለሁ» አለ። «በፊት በራሴ ነበር የምናደደው። እሱ ይቀል ነበር፣ ሣራ። ራስን ይቅር ማለት ይቻላል።»

«ባልነግርህ ይሻል ነበር?»

ከኋላው እስረኞች ልብሳቸውን አጥር ላይ እያሰጡ ነበር፤ አንዱ «ጋሽ ነጋሳ፣ ዝናብ ይመጣ ይሆን?» ብሎ ጠራው። ሰማዩን አይቶ «እስከ ማታ አይመጣም፣ ይደርቅልሃል» አለው። ሰውየው አምኖት ልብሱን ትቶ ሄደ።

ወደኔ ዞረ። «አይ» አለኝ። «ደግ አደረግሽ።»

ይህን የምጽፈው አውቶቡስ ውስጥ ነው። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው አሉኝ። ባሌ ታስሯል አልኳቸው። ምን አድርጎ አሉኝ። ምንም አልኳቸው።

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።